ለአዲስ አበባ ብርሃን ስላይድ ፊልም መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከጃን ሜዳ እስከ መስቀል አደባባይ የፊልም ካሜራ ይዘው የሚዘዋወሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት ከቤት ውጭ በተፈጥሮ ብርሃን ለሚያነሣ ሰው ነው። ስላይድ ፊልም ሲመረጥ ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው የዕለቱ ብርሃን ነው ብዬ አምናለሁ፤ የፊልሙ ዝና ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስላይድ ፊልም ከኔጌቲቭ በምን ይለያል?

ኔጌቲቭ ፊልም ከታጠበ በኋላ ቀለማቱ ተገልብጠው በብርቱካናማ መደብ ላይ ስለሚቀመጡ፣ ፎቶግራፉን ለማየት ወረቀት ላይ ማሳተም ወይም በስካነር አንብቦ መገልበጥ ያስፈልጋል። ስላይድ ፊልም ግን ሲታጠብ ራሱ የመጨረሻው ፎቶግራፍ ይሆናል፤ ወደ መስኮት አንሥተው ቢያዩት ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩም አረንጓዴ ነው። ይህ ውበቱ የራሱን ኃላፊነት ይዞ ይመጣል። የኔጌቲቭን ስሕተት አታሚው ሊያርመው ይችላል፤ ስላይድ ላይ ግን ሻተሩ በተጫነበት ቅጽበት የተሰጠው ብርሃን እንዳለ ይጸናል። ብዙ የኔጌቲቭ ፊልሞች 2 ስቶፕ ብርሃን ቢበዛባቸው እንኳ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) ደኅና ኅትመት ሲሰጡ፣ ስላይድ ፊልም ገና በግማሽ ስቶፕ ነጩ ዝርዝሩን ማጣት ይጀምራል፤ አንድ ሙሉ ስቶፕ ሲበዛበት ደግሞ የደመናው ቅርጽ ጠፍቶ ባዶ ፕላስቲክ ይቀራል። በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ዝርዝሩን ሳያጠፋ ሊይዝ የሚችለው በደማቁና በጥላው መካከል ያለ ርቀትም 5 ስቶፕ ገደማ ብቻ ነው። አንባቢው ይህችን 5 ቁጥር እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ሁሉ ከእርሷ ይመነጫል።

ዛሬ ከየትኞቹ ፊልሞች መምረጥ እችላለሁ?

ምርጫው ከድሮው በጣም ጠቧል። ከፉጂፊልም ቬልቪያ 50፣ ቬልቪያ 100 እና ፕሮቪያ 100ኤፍ፣ ከኮዳክ ደግሞ ኤክታክሮም ኢ100 ዋናዎቹ ናቸው። ቬልቪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ በመካከሉ ምርቱ ተቋርጦ በ2007 ቬልቪያ 50 ተብሎ ተመልሷል። ኮዳክም ኤክታክሮምን በ2012 ማምረት አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2018 በ35 ሚሊሜትር እንደገና ለገበያ አቅርቦታል።

ቬልቪያ ቀለምን ያደምቃል፣ ጥላን ያጠቁራል፤ አረንጓዴና ቀይ በእርሱ ላይ ዐይን ካየው በላይ ይደምቃሉ። ፕሮቪያ 100ኤፍ ሚዛናዊ ነው፤ ቀለሙን ሳያጋንን ይመልሳል፣ በጥላ ውስጥ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኤክታክሮም ኢ100 ነጭን ንጹሕ አድርጎ የሚይዝ፣ ከቬልቪያ ይልቅ ለስለስ ያለ ፊልም ነው። በፎቶግራፉ ላይ በሚታየው ቅንጣት ደቃቅነት ልዩነታቸው እጅግ ትንሽ ነው፤ በአምራቾቹ መለኪያ ፕሮቪያና ኤክታክሮም 8፣ ቬልቪያ 50 ደግሞ 9 ስለሆኑ፣ በዚህ ነጥብ መጨነቅ ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ነው።

የአዲስ አበባ ብርሃን በምርጫዬ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ ለውጥ ያመጣል። ስለ ስላይድ ፊልም የተጻፉ ምክሮች አብዛኞቹ የመጡት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ከምትዞርባቸው ሰሜናዊ አገሮች ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

በመጀመሪያ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ፎቶ አንሺ የሚመኘው ወርቃማና አግድም የሚመጣ ብርሃን የሚቆየው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማታም ከመጥለቋ በፊት ለዚያው ያህል ብቻ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፒያሳ ያልደረሰ ሰው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ከተማ ያገኛል። ሁለተኛ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢማ በትክክል ከራስ ላይ ስለምታልፍ ሰው የራሱን ጥላ ከእግሩ ሥር ይረግጣል። በዚህ ሰዓት የዐይን ጉድጓድ፣ የበረንዳ ሥርና የቆርቆሮ ጣሪያ ጥግ ሁሉ ይጠቁራሉ፤ በፀሐይ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮና በሥሩ ያለው ሱቅ በአንድ ፎቶግራፍ ሲገቡ ከ5 ስቶፕ በቀላሉ ያልፋሉ። ሦስተኛ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃንም ከዚያ ሰማይ ስለሚመጣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዐይናችን ይህን ያርመዋል፤ ለቀን ብርሃን፣ ማለትም በብርሃን ቀለም መለኪያ ለ5,500 ኬልቪን፣ የተሠራ ፊልም ግን ያየውን ሳያርም ይመዘግባል።

ስለዚህ በበጋ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ የሚያነሣ ሰው ንፅፅሩ ለስለስ ያለውን ኤክታክሮም ኢ100ን ወይም ፕሮቪያን እንዲጭን እመክራለሁ። ቬልቪያን በጥቅምት ቀትር ላይ መጫን የጠቆረውን ማጥቆር፣ የነጣውን ማንጣት ነው።

ታዲያ ቬልቪያ ለአዲስ አበባ አይሆንም ማለት ነው?

ይሆናል፣ በሚገባም ይሆናል፤ ወቅቱ ክረምት ነው። ብዙ ሰው ሰኔ ሲገባ ካሜራውን መያዣው ውስጥ ከትቶ እስከ መስከረም ይጠብቃል፣ ይህም ያሳዝነኛል። ደመናው ሰማዩን ሲሸፍነው እንደ ትልቅ ስስ ሻሽ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ጥላው ይጠፋል፣ በደማቁና በጨለማው መካከል ያለው ርቀትም ወደ 3 ስቶፕ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሚዛናዊ ፊልም በዚህ ብርሃን የደበዘዘ ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ ቬልቪያ ግን የጎደለውን ንፅፅር ራሱ ይጨምርበታል። ዝናብ ያጠበው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ በረጠበ አስፋልት ላይ የሚያልፍ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ፣ ከጊዮርጊስ ቅጥር ውጭ የተደረደሩ ቀለም ቀለም ጃንጥላዎች፦ እነዚህ የተፈጠሩት ለዚህ ፊልም ይመስለኛል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ነጩን የክረምት ሰማይ ከፍሬሙ ውስጥ አያስገቡት፣ ካስገቡትም ጥቂት ብቻ ይሁን፤ ምንም ዝርዝር የሌለው ነጭ ሆኖ ዐይንን ይስባልና።

የመስከረም አደይ አበባም የቬልቪያ ጉዳይ ነው፤ ይሁን እንጂ ቢጫው በቀላሉ ስለሚሞላ የአበባ ቅጠሎቹ መስመር ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብርሃኑን ከአበባው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ካለው ሣር ላይ ይለኩ፤ ለምለም ሣር ለመለኪያው መካከለኛ ቃና፣ ማለትም ደማቅም ጨለማም ያልሆነ፣ ነውና።

ለጥምቀትና ለሌሎች በዓላት ሰዎችን ለማንሣት የቱ ይሻላል?

ሰው ካለበት ቬልቪያን ቤት ይተዉት። ጠይሙን ፊት ወደ ቀይ ይስበዋል፤ ቀይ ዳማውን ደግሞ በፀሐይ የተቃጠለ ያስመስለዋል። ኤክታክሮም ኢ100 የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ፕሮቪያም በደንብ ይሠራል።

ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ላይ የሚገጥመው ችግር ግን ከፊልሙ ምርጫ ያለፈ ነው። በፀሐይ ላይ ያለ ነጭ ነጠላ ከመካከለኛው ቃና በ2 ስቶፕ ወይም ከዚያ በላይ ይደምቃል። በዚያው ፀሐይ ላይ ያለ ጠይም ፊት ከመካከለኛው በአንድ ስቶፕ ገደማ ይጠቁራል። እስከዚህ ፊልሙ ይበቃል። ያው ፊት በወርቅ ዘቦ ጃንጥላ ጥላ ሥር ሲገባ ግን ተጨማሪ 2 ወይም 3 ስቶፕ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ነጠላውን ወይም ፊቱን መምረጥ ግድ ይሆናል። ለነጠላው ከተለካ ፊቱ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ለፊቱ ከተለካ ደግሞ ጥለቱ ሳይቀር ነጠላው ይነጣል።

እዚህ ላይ የአለባበሳችን በጎነት ይታያል። ፀሐይ በደረት ላይ ባለው ነጠላ ላይ ስታርፍ ብርሃኑ ተመልሶ ወደ አገጭና ወደ ጉንጭ ይወጣል፤ ነጋዴ የሚሸጠው የብርሃን መመለሻ ጨርቅ የሚሠራውን ሥራ ነጠላው በነጻ ይሠራዋል። ስለዚህ ከጃንጥላው ሥር ያለውን ሰው ከመታገል ይልቅ፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ባለችበት ሰዓት ነጠላ ያጣፋች እናት ወይም ዲያቆን ወደ ብርሃኑ ፊቱን ሲያዞር መጠበቅ ይሻላል። ፈቃድ መጠየቅም የዚሁ ትዕግሥት አካል ነው፤ «እናቴ፣ ላንሣዎት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብርሃኑ እስኪስተካከል የሚቆም ፊት ያገኛል።

ብርሃኑን እንዴት ልለካ?

የስላይድ ሕግ ለደማቁ መለካት ነው፤ ጥላው ቢጠቁር ዐይን ይቀበለዋል፣ ነጩ ቢቃጠል ግን አይቀበለውም። በካሜራ ውስጥ ያለ መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ በነጭ ነጠላ የተሞላ ፍሬም ሲያይ ብርሃኑን ይቀንስና ነጠላውን አመዳም ያደርገዋል፤ ጠይም ፊት በቅርብ ሲያይ ደግሞ ብርሃን ይጨምርና ፊቱን ያነጣዋል። ለመጀመሪያው 1 ተኩል ስቶፕ ያህል ይጨምሩ፣ ለሁለተኛው አንድ ስቶፕ ያህል ይቀንሱ። ነጥብ የሚለካ መለኪያ ከሌለዎት፣ በዚያው ፀሐይ ላይ ያለ አሮጌ አስፋልት ለመካከለኛ ግራጫ የቀረበ ስለሆነ ያገለግላል፤ ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመ ሰው መለኪያው ከእግሩ ሥር አለ። መለኪያው ከነጭራሹ ካልሠራ፣ በጠራ ፀሐይ ለአይኤስኦ 100 ፊልም (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚያሳይ ቁጥር ነው) የሌንሱን ክፍተት ኤፍ 16 ላይ፣ ሻተሩን 1/125 ሰከንድ ማድረግ ብዙ አያሳስትም።

አስፈላጊ ለሆነ ትዕይንት በግማሽ ስቶፕ ልዩነት ሦስት ጊዜ ማንሣት ልማድ ቢሆን መልካም ነው። ከአንድ ጥቅልል 36 ፍሬሞች 12 ትዕይንት ብቻ ይወጣል ማለት ነው፤ ውድ ነው፣ ነገር ግን 36 የተበላሹ ፍሬሞች የበለጠ ውድ ናቸው።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅን የሚቀንስ ፊልተር) ያስፈልገኛል?

ለክረምት አዎ፤ ከረጠበ ቅጠልና ከእርጥብ ድንጋይ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ስለሚያነሣ ቀለሙ ከሥሩ ይወጣል። ለበጋ ሰማይ ግን ልክ ይኑረው። ሰማያችን በከፍታው ምክንያት አስቀድሞ የጠቆረ ስለሆነ፣ ፖላራይዘር ሙሉ በሙሉ ዞሮ ቬልቪያ ሲጨመርበት ሰማዩ ጥቁር ሊመስል ይደርሳል። ፊልተሩ ከ1 ተኩል እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን እንደሚወስድም መርሳት የለበትም።

ከፖላራይዘሩ ይልቅ እኔ የማልለየው ፊልተር 81ኤ የተባለው ሞቅ የሚያደርግ ፊልተር ነው። በቀትር ጥላ ውስጥ ፊት ሲነሣ የሚመጣውን ሰማያዊነት ይቀንሳል፤ ወርቃማው ብርሃን ሲመጣ ግን መውለቅ አለበት። ከእንጦጦ ወደ ከተማው ቁልቁል ለሚያነሣም የሩቁን ሰማያዊ ጭጋግ ጥቂት ያለዝበዋል።

አይኤስኦ 50 ወይስ 100?

ትራይፖድ የማይዝ ሰው 100 ይግዛ። በከባድ ደመና ቬልቪያ 50 ኤፍ 8 ላይ 1/30 ሰከንድ ይጠይቃል፤ ፖላራይዘር ሲጨመር 1/8 ሰከንድ ይሆናል፣ ይህን ደግሞ እጅ አይችለውም።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላስ?

ፕሮቪያ 100ኤፍን ይምረጡ። ፊልም ረጅም ጊዜ ሲጋለጥ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ይደክማል፤ ቬልቪያ 50 ከ1 ሰከንድ በኋላ መድከም ይጀምርና 16 ሰከንድ ላይ 2/3 ስቶፕ ጭማሪና የቀለም ማረሚያ ፊልተር ይፈልጋል። ፕሮቪያ ግን እስከ 128 ሰከንድ ድረስ ምንም እርማት አይሻም። ለደመራ ምሽት፣ እሳቱና የመጨረሻው የሰማይ ብርሃን አብረው በሚታዩባቸው ጥቂት ደቂቃዎች፣ ከእርሱ የተሻለ ስላይድ አላውቅም።

ከአባቴ የቀረ ያልተነሣበት ኮዳክሮም አለኝ፤ ልጠቀምበት?

ለቀለም ፎቶግራፍ አይሆንም። ኮዳክሮም የሚታጠበው ኬ-14 በተባለ የተለየ ሂደት ነበር፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ምርቱ ቆመ፣ በአሜሪካ ካንሳስ የነበረው የመጨረሻው ማጠቢያም በ2010 ማብቂያ ፊልም መቀበል አቆመ። ዛሬ ከእርሱ ሊወጣ የሚችለው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ከሌላው ፊልም ጋር የዛሬ ስላይዶች በሚታጠቡበት ኢ-6 ማጠቢያ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ በጀርባው ያለው ጥቁር ሽፋን ኬሚካሉን ያበላሻል። ነገር ግን አባትዎ አንሥተውበት የታጠበ ኮዳክሮም ካለ፣ ከብርሃን ርቆ በደረቅ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ በዘመኑ ከነበሩት ሌሎች ስላይዶች ይልቅ ቀለሙን ይጠብቃልና በክብር ይያዝ።

ጊዜው ያለፈበት ሌላ ስላይድ ፊልም ደግሞ እንደ ኔጌቲቭ ብርሃን በመጨመር አይታከምም፤ ጥቁሩ ይሳሳል፣ ቀለሙም ያዘነብላል። ለልምምድ ካልሆነ ለበዓል አይታመንም።

የት ይታጠብልኛል?

ይህ ጥያቄ ፊልሙ ከመገዛቱ በፊት መልስ ሊያገኝ ይገባል። ፎቶ ቤት «ፊልም እናጥባለን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የኔጌቲቭ ማጠቢያ የሆነውን ሲ-41 ማለቱ ነው፤ ስላይድ ፊልም የሚታጠበው በኢ-6 ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሙሉ የጥምቀት ጥቅልል ሳልጠይቅ ሰጥቼ፣ በሲ-41 ታጥቦ ቀለሙ የተዛባ ኔጌቲቭ ሆኖ ተመልሶልኛል፤ ያን ቀን ያነሣኋቸውን አንዲት እናት ፊት ዛሬም እፈልገዋለሁ። ስለዚህ ጥቅልሉ ላይ «ስላይድ፣ ኢ-6» ብለው በጉልህ ይጻፉ፤ ለሚቀበለው ሰውም በቃል ይንገሩት።

ቤት ውስጥ ማጠብም ይቻላል። የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፦ የመጀመሪያው አልሚ (ምስሉን የሚያወጣው) ኬሚካል 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 6 ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ እዚህ ላይ የግማሽ ዲግሪ መዛነፍ እንኳ የፎቶግራፉን ድምቀት ይለውጣል። በሰፊ ሳፋ ሙቅ ውሃ አድርጎ ጠርሙሶቹን በውስጡ ማቆየት፣ ቴርሞሜትሩንም ከሳፋው ውሃ ሳይሆን ከኬሚካሉ ውስጥ ማንበብ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ማታ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ውሃው ፈጥኖ ይወርዳል፤ ቀን ላይ መሥራት ይመረጣል። ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ከሆነ፣ በእጅ ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ መንገደኛ አደራ መስጠት ይሻላል።

ፊልሙን እንዴት ላስቀምጥ? አውሮፕላን ማረፊያ ላይስ?

ፍሪጅ ውስጥ፣ ከነማሸጊያው ያስቀምጡት፤ ሲያወጡት ጠል እንዳይዘው እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ይቆይ። የአዲስ አበባ አየር ለፊልም የዋህ ነው፤ ወደ ዳሎል ወይም ወደ አዋሽ ሲወርዱ ግን ፊልም በመኪና ዳሽቦርድ ውስጥ ከተረሳ ሙቀቱ ቀለሙን ያዛባዋል። በአውሮፕላን ሲሄዱ ፊልም ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም፤ የጭነቱ ኤክስሬይ ይጎዳዋል። በእጅ ሻንጣ ሆኖ በተለመደው ኤክስሬይ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያልፍ ለአይኤስኦ 100 አያሰጋም፤ አዲሶቹ ሲቲ ስካነሮች ግን ስለሚጎዱት በግልጽ በሚያሳይ ከረጢት አድርገው በእጅ እንዲፈተሽ በትሕትና ይጠይቁ።

ለመጀመሪያው ጥቅልል ምን ላንሣ?

አንድ ቦታ ይምረጡ። እኔ የምመክረው ቸርችል ጎዳናን ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ለገሃር ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርድ፣ ጠዋት የምዕራቡ ጎን ሕንፃዎች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምሥራቁ ጎን ይበራሉ። ኤክታክሮም ኢ100 ጭነው ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ ነጥብ ሆነው ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ሰዓት አንዱን እንደ መለኪያው፣ አንዱን በግማሽ ስቶፕ ቀንሰው፣ አንዱን በግማሽ ስቶፕ ጨምረው። ሰዓቱን፣ የሌንሱን ክፍተትና የሻተሩን ፍጥነት በትንሽ ደብተር ይመዝግቡ። ታጥቦ ሲመጣ ዘጠኙን ፍሬሞች ከመስኮት ላይ ጎን ለጎን ይዘርጓቸውና ደብተሩን ይክፈቱ። የቀሩትን 27 ፍሬሞች ለክረምት ደመና አያቆዩ፤ የተነሣ ፊልም ሳይታጠብ ሲቆይ ይደክማልና በዚያው ሳምንት ይጨርሷቸው።